የሐረጎ ቁልቁለትና የልጄ ፍሬን

ዛሬ ከሰዓት ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። "እማ፣ አትደንግጪ" አለኝ። ይሄን ሰምታ ያልደነገጠች እናት ካለች እስቲ አሳዩኝ!

የ15 ዓመቱ ልጄ ነው፣ በሰው ስልክ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከደሴ ሐረጎን በሳይክል ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ገብቷል። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ! ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፋ! የሳይክሉ የኋላ ፍሬን እንደማይሠራ የነገረኝ ደግሞ ቤት ከገባ በኋላ ነው። ክርኑ ከመላጡ በቀር ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

"ምን አስበህ ነው?" አልኩት። "እኔ እንጃ።"

ድሮ ቢሆን ይሄን መልስ እንደ ንቀት እቆጥረው ነበር። አሁን ግን ነርሷ እህቴ ያስረዳችኝ ትዝ አለኝ። በዚህ ዕድሜ ስሜትንና ደስታን የሚያቀጣጥለው የአንጎል ክፍል ቀድሞ ይነቃል። መዘዙን አስቦ "ቆይ እስቲ" የሚለው፣ ከግንባራችን ጀርባ ያለው ክፍል ግን እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ገና እየበሰለ ነው። ጓደኛ አጠገብ ሲኖር ደግሞ ይብሳል። ብቻውን ቢሆን ሐረጎን አይሞክራትም ነበር። ስለዚህ "እኔ እንጃ" ያለኝ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም።

ቅጣቱ ግን አልቀረለትም። ሳይክሉ ፍሬኑ እስኪሠራ ጓዳ ተቆልፎበታል። እኔ ስቆጣ አባቱ ጥግ ይዞ ይስቃል። ለካ እሱም በልጅነቱ የጭነት መኪና ላይ እየተንጠላጠለ ያችኑ ቁልቁለት ወርዷታል!

የሱ ፍሬን መቼ እንደተገጠመ ሳልጠይቀው አላድርም።