የታሸገ ምግብ ሳናሞቅ የበላንበት ነሐሴ

የታሸገ ምግብ ሳይሞቅ ይበላል። ይህን ከሁሉ በፊት የምናገረው ብዙ ሰው ስለማያምነው ነው። እኛ ቁርጥ በጥሬው እንበላለን፤ የጣሳ ባቄላ ግን ምድጃ ላይ ካልተጣደ ያስፈራናል። በነሐሴ 2015 ጎንደር ውስጥ ተኩስ በነበረበት ሰሞን እኔና ቤተሰቤ እሳት ሳናነድ ሰነበትን። ከጣሳ እየበላን አለፍን፤ ማንም ሆዱን አልታመመም። እንዴት እንዳደረግነው ልጻፈው፤ ለሌላ ሰው ይጠቅማልና።

መብራት ጠፍቷል። ምድጃችንም ምጣዳችንም በኤሌክትሪክ ነው የሚሠሩት። ማድ ቤቱ ከቤቱ ተነጥሎ ግቢው ጥግ ላይ ነው ያለው፤ ተኩስ ሲሰማ ማንም ደፍሮ ወደዚያ አይሄድም። እማዬ፣ «ከሰሉን እዚሁ ሳሎን እናያይዘው፤ ልጆቹ ትኩስ ነገር ይቅመሱ» አለች። እዚህ ላይ እምቢ አልኩ። በርና መስኮት ተዘግቶ፣ ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበን ከሰል ማያያዝ ሰው ይገድላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ «አሁን ደህና ነው» እንላለን፤ ጋዙ ግን ያኔም ይወጣል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል። ከሰል ቤት አስገብተው ተኝተው የቀሩ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ ጎንደሬ የለም። ከዚህ ሁሉ ቀዝቃዛ ባቄላ ይሻላል አልኩ።

እማዬ ግን በቀላሉ አልተረታችም። «ያልበሰለ ነገር ለልጅ ይሰጣል እንዴ?» ነው ጥያቄዋ። ያሳመንኳት እንዴት እንደሚታሸግ በማስረዳት ነው። ምግቡ ጣሳ ውስጥ ይገባና አየር እንዳይገባ ሆኖ ይታሸጋል። ከዚያ በኋላ ነው ከነጣሳው በእንፋሎት ግፊት የሚቀቀለው። ዓሣ፣ ሥጋና ጥራጥሬ አሲዳቸው ትንሽ ስለሆነ እስከ 121 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ይሞቃሉ። ያ ሁሉ ሙቀት የሚያስፈልገው በዋናነት ለአንዲት ባክቴሪያ ነው፤ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ትባላለች። አየር በሌለበት ቦታ ትራባለች፣ ስፖር የሚባለው ጠንካራ ዘሯም በተራ ፍላት አይሞትም። ቲማቲምና አናናስ የመሳሰሉት አሲድ ስላላቸው እሷን አይመቿትም፤ ያን ያህል ሙቀትም አይፈልጉም። ዘዴው አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ይፋ ያደረገው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1810 ነው። እሱ የሚጠቀመው ጠርሙስ ነበር። ለምን እንደሚሠራ ግን እሱም አያውቅም ነበር፤ ያ የታወቀው ብዙ ቆይቶ ነው።

የእኛን ከተማ የሚመለከት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውሃችን የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው የሠራውን በእኛ ድስት መድገም አንችልም። ጣሳው ጤነኛ ከሆነ መድገሙ አያስፈልግም። ጣሳው ከተበላሸ ደግሞ «እናፍላውና እንብላው» አያዋጣም። ማሞቅ ለጣዕም ነው፤ ደኅንነቱን የሚጠብቀው የጣሳው ጤንነት ነው። እማዬን የረታት ይህ ይመስለኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ጣሳዎቹን መለየት ሆነ። ሁሉንም ወለሉ ላይ ደርድሬ በስልክ መብራት አንድ በአንድ አገላብጬ አየኋቸው። ክዳኑ ወይም ቂጡ ያበጠውን አንፈልግም። ክዳኑን በአውራ ጣት ስጫነው ገብቶ የሚመለስ ከሆነም አንፈልግም። ከፍታችን የቺፕስ ከረጢት እንደሚነፋ አውቃለሁ፤ ለጣሳ ግን ይህን ሰበብ አላደርግም። ያበጠ ጣሳ ያበጠ ጣሳ ነው። ፈሳሽ ያመለጠው፣ ዙሪያው የተጣበቀ ነገር ያለበትም ይወጣል። ዝገቱ በጨርቅ ሲጠረግ የሚለቅ ከሆነ ችግር የለውም፤ ቆርቆሮውን የበላ ዝገት ግን ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል። ስርጉዱም እንዲሁ ይለያያል። ሆዱ ላይ ያለ ለስላሳ ስርጉድ ብዙም አያሳስብም። ክዳኑ የተያያዘበት ጠርዝ ላይ ያለ፣ ወይም ጫፉ ስለታም የሆነ ስርጉድ ግን ማሸጊያውን ሊያላቅቀው ይችላል።

አንድ የቱና ጣሳ ጠርዙ ላይ ተመትቶ ነበር። እማዬ፣ «ገንዘብ እኮ ነው ልጄ፣ ከፍተን እናሽትተው» አለች። አልከፈትኩትም። የቦቱሊነም መርዝ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል። «ትንሽ ልቅመስና ልየው» ማለት ደግሞ የባሰ ነው፤ ለመታመም ትንሽ ይበቃል። ሁለት ፌስታል ውስጥ አስሬ ልጆችም ውሻም ከማይደርሱበት አስቀመጥኩት፣ በኋላ ጣልኩት። ጣሳ ስትከፍቱ ፈሳሹ ተፈናጥሮ ከወጣ፣ አረፋ ከደፈቀ ወይም ከሸተተም ምግቡ አይነካም። በዚህ መርዝ የተያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ምልክት ያሳያል፤ ቀናት የሚፈጅበትም አለ። ዓይን አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል፣ የዓይን ቆብ ወደ ታች ይወድቃል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ መዋጥ ያስቸግራል፣ ከዚያ ድካሙ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ በቤት የሚታከም አይደለም፤ መንገድ በተገኘ ቅጽበት ሆስፒታል መሄድ ነው።

አከፋፈት ላይ ብዙ ሰው አይጠነቀቅም። ጣሳው መጋዘን ውስጥ የነበረ ነው፤ አቧራም አይጥም ያገኘው ይሆናል። ከመክፈቴ በፊት ክዳኑን በሳሙናና በጥቂት ውሃ አጥቤ በንጹሕ ጨርቅ አደርቀዋለሁ። መክፈቻውንም አጥባለሁ፤ የትናንቱ ዓሣ ጥርሱ ላይ ደርቆ ይቀራልና። በቢላ መውጋት ቤታችን ክልክል ሆነ። አንደኛ የብረት ብናኝ ምግቡ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ እጅ ይቆርጣል። ክሊኒክ መድረስ በማይቻልበት ቀን የተቆረጠ ጣት ቀላል ነገር አይደለም። እጃችንን በማስታጠቢያ ነበር የምንታጠበው። በአንድ ኩባያ ውሃ ሁሉም ይዳረሳል፤ የድሮ ሰው ጥበብ እዚህ ላይ ታየኝ።

ከሁሉም የከበደን የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ፍሪጅ የለም ማለት የተከፈተ ጣሳ ወዲያው ማለቅ አለበት ማለት ነው። የተከፈተ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። የነሐሴ ጎንደር ቀዝቃዛ ናት፣ ሆኖም የሳሎን ቅዝቃዜ የፍሪጅ ቅዝቃዜ አይደለም። ባክቴሪያ ከ5 ዲግሪ እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሁሉ ይራባል። እኛ ቤት ደግሞ ፍልሰታ ገብቷል። ትንሹ ልጅ ስድስት ሰዓት ላይ ይበላል፤ እማዬ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አፏ ላይ ምንም አይደርስም። ለልጁ የተከፈተው ባቄላ እሷ ጋ ሲደርስ ሦስት ሰዓት ይሆነዋል። ስለዚህ ለልጁ ትንሿ ጣሳ ትከፈታለች፤ የተረፈውን እኔና ባለቤቴ እዚያው እንጨርሰዋለን። የእማዬ ሌላ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አጠገቧ ይከፈታል። «ለነገ አሳድሩልኝ» የሚል ቃል አልተፈቀደም። እህል መድፋት ያመናል፣ እኔንም ያመኛል። መፍትሔው ግን ማሳደር ሳይሆን የሚያልቀውን ያህል ብቻ መክፈት ነው።

ዓሣ ላይ በተለይ ጨክነናል። ቱና ተከፍቶ ሲቆይ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይፈጠርበታል። ፊት ያቀላል፣ ራስ ያሳምማል፣ ሰውነት ሽፍ ይላል፤ አንዳንዴ አፍ ላይ እንደ በርበሬ ያቃጥላል። ሂስታሚን አንዴ ከተፈጠረ ማሞቅ አያጠፋውም። ሎሚ መጭመቅም፣ ሚጥማጣ መነስነስም እንዲሁ። ሎሚው ያጣፍጣል እንጂ የቆየ ምግብ አያድስም።

ምን በላን? ለእማዬ የጾም የሆነውን ለየሁላት፤ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ቦሎቄ፣ በቆሎ። ጽሑፉን አንብቤ ቅቤ ወይም ወተት አለመግባቱን አረጋገጥኩላት። ባቄላውን ከቀይ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ለውሰነው፣ ዘይት ጠብ አድርገን በላነው፤ ከቁርስ ቤት ፉል ብዙም አያንስም። ድርቆሽ በሳልሳና በዘይት ደግሞ ልጆቹ የወደዱት ሆነ፤ ሳልሳ ሳይበስል ይበላል። በሶና ቆሎ ዱሮም እሳት አይጠይቁንም። በሶ በብጥብጥ ጠዋት ጠዋት ሕይወታችን ነበር። የጣሳ ምግብ ጨው ይበዛበታል። እማዬ ደም ግፊት ስላለባት ውሃውን አጠልልላት ነበር፤ ማለቅለቂያ ውሃ በተገኘ ቀን ደግሞ አለቀልቀው ነበር። ይህ ጨውን በደንብ ይቀንሰዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የጣሳው ቦሎቄ የተቀቀለ ነው፤ የከረጢቱ ደረቅ ቦሎቄ ግን አይደለም። ጎረቤት «ደረቁን ዘፍዝፈን እንብላው» ሲል ሰምቻለሁ። በተለይ ቀዩ ቦሎቄ በደንብ ካልተቀቀለ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣ መርዝ አለው። ዘፍዝፎ ብቻ መብላት አይሆንም።

ለበሶውም ለመጠጡም ውሃ በጀሪካን ነበረን። የጎንደር ሰው ውሃ ማጠራቀም አይነገረውም፤ ቧንቧው ራሱ አስተምሮናል። ማፍላት ስለማንችል በበረኪና አከምነው። ሽቶ ያልተጨመረበት፣ 5 ወይም 6 በመቶ የሆነው ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሁለት ጠብታ ነው፤ ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ ይመጣል። ተነቃንቆ 30 ደቂቃ ይቆያል። ደፍራሽ ከሆነ በነጠላ አጥልሎ ጠብታውን እጥፍ ማድረግ ነው። ውሃ አጋር ያለው ሰው በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ይከተል።

የጎረቤታችን የእትዬ ልጅ አራስ ነበረች። በአጥር በኩል እትዬ፣ «የጣሳ ወተት አለን፣ በቀዝቃዛ ውሃ ብንበጠብጠውስ?» ብለው ጠየቁኝ። ጣሳ ስለሆነ ብቻ ሁሉም አንድ አይደለም። የሕፃናት የዱቄት ወተት ከባክቴሪያ የጸዳ አይደለም፤ መበጥበጥ ያለበት ቢያንስ 70 ዲግሪ በሆነ ውሃ ነው፣ ከዚያ ቀዝቅዞ ይሰጣል። «እትዬ፣ ጡት ማጥባቷን አታቋርጥ፤ እሷ ትብላ፣ እሷ ትጠጣ» አልኳቸው። ባቄላና በሶ አቀበልናቸው። እሳቸው ደግሞ «እንግዲያው ማር ላልሰው» አሉኝ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። የዚያችው የቦቱሊነም ስፖር ማር ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ የሕፃን አንጀት አይቋቋመውም። እትዬ ቅር አላቸው፣ ግን ሰሙኝ።

አሁን መደርደሪያችን ላይ ትንንሾቹ ጣሳዎች በዝተዋል፤ አንድ ማዕድ ላይ የሚያልቁት ማለቴ ነው። ቀለበታቸውን ስበው የሚከፈቱትን እመርጣለሁ። መክፈቻም ሁለት አለን። አዲስ የተገዛ ከኋላ ይገባል፣ የቆየው ከፊት ይወጣል። ቀኑ ላይ ግን እማዬ ጋ አሁንም እንከራከራለን። ጣሳው ላይ ያለው የፈረንጅ ዘመን ነው። በዚያ ነሐሴ፣ «2021» የሚል ጣሳ አንስታ «ገና ስድስት ዓመት አለው» ብላኝ ነበር፤ በፈረንጆቹ ግን 2023 ስለነበር ካለፈ ሁለት ዓመቱ ነው። ስለዚህ እኔ ገዝቼ ስመጣ በእኛ አቆጣጠር ቀይሬ በማርከር ክዳኑ ላይ እጽፈዋለሁ። ጣሳው ጤነኛ ከሆነ ቀኑ በዋናነት የሚናገረው ስለ ጣዕሙ ነው። ቲማቲምና ፍራፍሬው ከ12 እስከ 18 ወር፣ ሥጋ፣ ዓሣና ጥራጥሬው ደግሞ ከ2 እስከ 5 ዓመት ጥራቱን ይዞ ይቆያል። ለልጆቹና ለእማዬ ግን ቀኑ ያላለፈውን ብቻ ነው የምከፍተው።