ጭስ ያቆየው ቤት

ሰሞኑን ዩቲዩብ ላይ ስለ እንግሊዝ ገጠር የድሮ የገበሬ ቤቶች ቪዲዮ ሳሳድድ ነው የከረምኩት፣ እና ምን አለፋችሁ፣ ዴቨን የሚባለውን አገር ቤቶች ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ላይ ድቅን የሚለው መንዝ ጌራ ያለው የአያቶቼ ቤት ነው።

ዴቨን ውስጥ ዳርትሙር የሚባል ነፋስና ዝናብ የማያጣው ከፍታ ቦታ አለ። እዚያ ከመካከለኛው ዘመን የቆዩ የግራናይት ድንጋይ ቤቶች አሉ፣ ቤቱ ቁልቁለቱን ተከትሎ በረዥሙ የተሠራ ነው፣ ሰው በላይኛው ጫፍ ከብት በታችኛው ጫፍ፣ መሃል ላይ ከፊት በር ወደ ኋላ በር የሚያሳልፍ መተላለፊያ፣ ድሮ ሰውም ከብቱም በዚያው አንድ በር ነበር የሚገባው። ከብቱ ለምን ከታች ሆነ ካላችሁ ሽንቱ ወደ ሰው እንዳይመጣ ነው፣ ወለሉ መሃል ላይ ቦይ አለ፣ ቦዩ ግድግዳውን በስቶ ወደ ውጭ ይወጣል። ድንጋይ በማይበዛበት ሰፈር ደግሞ ጭቃን ከገለባ ጋር ረግጠው ያንኑ ወፍራም አድርገው ግድግዳ ያቆሙበታል። ጭቃ ማቡካት የኛ ብቻ ይመስለን ነበር አይደል!

እኔን የገረመኝ ግን ጣራው ነው። የጥንቶቹ ቤቶች የጭስ መውጫ የላቸውም፣ እሳቱ ቤቱ መሃል ወለሉ ላይ ይነዳል፣ ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ በሳር ክዳኑ ውስጥ እየሾለከ ይወጣል። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው አብዛኛው ገበሬ የጭስ ማውጫ በድንጋይ እየገነባ፣ ጭሱ ከላይ ሲለቅለት ደግሞ እንጨት ዘርግቶ ፎቅ የጨመረው። ክዳኑ ሲያረጅ ግን ሁሉንም አያወርዱትም፣ የላይኛውን ብቻ ገፈው አዲስ ይደርቡበታል፣ ስለዚህ አንዳንዱ ቤት ጣራ ስር ብትገቡ ያ የመጀመሪያው ክዳን ከ500 ዓመት በላይ የሆነው ጥቀርሻ እንደለበሰ እስካሁን አለ። ተመራማሪዎች ከዚያ ጥቁር ገለባ ውስጥ ዛሬ ብዙም የማይዘራውን የድሮ ስንዴና አጃ ዝርያ፣ የማሳውን አረም ሳይቀር እየለቀሙ ያጠናሉ። የጣራውን እንጨት ደግሞ የዛፉን የዕድሜ ቀለበት ቆጥረው የተቆረጠበትን ዓመት ያውቁታል፣ ቅርፊቱ ካለ ወቅቱን ሁሉ።

ይሄን ለአጎቴ በስልክ ስነግረው ምንም አልደነቀውም። «ታዲያ ልጄ፣ ጭሱ አይደል እንዴ ቤቱን የያዘው» አለኝ። እውነቱን ነው። የመንዝ ቤት ግድግዳው የድንጋይ ካብ ነው፣ በጭቃ የተያያዘ፣ ክንድ ሙሉ የሚወፍር፣ ከውስጥ በእበት የተመረገ። ማታ ኩበት ይነዳል፣ ጥጃና ግልገል እዚያው ቤት ውስጥ ያድራል፣ ያ ውርጭ በሌላ በምን ይቻላል? ጭሱ ወደ ቆጡ ይወጣና ወራጁንና ማገሩን ያጠቁረዋል፣ ያን እንጨት ምስጥም ነቀዝም አይደፍረውም። የኛ ቤት ምሰሶ ከጥቁረቱ የተነሳ በጨርቅ ሲወለወል እንደ ጀበና ያብረቀርቃል።

ክዳኑ ደግሞ ጓሳ ነው። ጓሳ ዝም ብሎ ሳር እንዳይመስላችሁ፣ ገመዱም ከሱ ነው የሚገመደው፣ እና የሚበቅልበት መሬት ከ3200 ሜትር በላይ ያለው የጓሳ አካባቢ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታይበት፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሕግ የተያዘ ነው። አስቦና ጌራ የሚባሉት አቅኚ አባቶች ዘሮች ናቸው ይጠብቁት የነበሩት፣ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፣ ሳሩ ሲደርስ ተነግሮ ይከፈታል፣ ያኔ ይታጨዳል። በ1967 የመሬት አዋጁ ሲመጣ የባላባቶቹ ጥበቃ ቀረና ጓሳው የማንም ሆነ፣ በኋላ ነው ኅብረተሰቡ መልሶ ደንብ ያወጣለት። እንግዲህ የአንድ ሳር ቤት ታሪክ ይሄን ሁሉ ይጎትታል።

አሁን ቤታችን ቆርቆሮ ነው። እኔ ሳየው ይከፋኛል፣ አክስቴ ግን «አንተ አዲስ አበባ ተቀምጠህ ሳር ናፈቀህ?» ትለኛለች፣ ልክ ናት፣ ክዳን አይጠገንም፣ ደቦ አይጠራም፣ ጠላ አይጠመቅም፣ የዝናብ ውሃ በርሜል ይሞላል፣ እሳት ቢነሳ አንድ ሰፈር አይበላም። ጭሱም ቢሆን ዓይኗን አጥፍቶታል፣ ይሄ አይካድም። ግን ማታ ብርዱ ሌላ ነው፣ ንጋት ላይ ጤዛው ከቆርቆሮው ስር ጠብ ጠብ ይላል፣ በረዶ ሲወርድማ መነጋገር የለም። እና እንጨቱ ጭስ ካላገኘ ወዲህ ነቀዝ ጀምሮታል፣ ዱቄቱ መደቡ ላይ ይወርዳል።

እንግሊዞቹ በ1947 (በነሱ አቆጣጠር) ባወጡት ሕግ የቆዩ ቤቶችን መዝግበዋል፣ ባለቤቱ ራሱ ሳያስፈቅድ መስኮት መቀየር አይችልም፣ ብዙዎቹ በዚህ ያማርራሉ። በነገራችን ላይ ከ1696 እስከ 1851 በመስኮት ብዛት ግብር ይከፍሉ ስለነበር መስኮታቸውን በጡብ የደፈኑ ቤቶች ዛሬም ይታያሉ። የኛን ማንም ግብር አላስደፈነውም፣ ብርዱ ነው ያጠበበው። እንደነሱ ገበሬውን በፈቃድ ማሰር ለኛ ይሆናል ብዬ አላምንም፣ ቤቱ የሚኖርበት ሰው ነው። ፎቶ ማንሳት ግን ምንም አይፈጅም። መንዝም ይሁን ተጉለት ወይ አንኮበር የቆየ ሳር ቤት ያላችሁ፣ ቆርቆሮው ሳይመጣ ግቡና የጣራውን ውስጥ አንሱልኝ፣ ከደጅ ያለውንማ ሁሉም ያነሳዋል። ማን እንደሠራው፣ እንጨቱ ከየት እንደመጣ ሽማግሌ ካለ ጠይቁ። ፍላሽ ማብራት እንዳትረሱ፣ ጥቀርሻው ብርሃን ይውጣል።