ካቆሙት በኋላ ያለው ሳምንት

የሚጥል በሽታ ክኒን ከሚወስዱ ሰዎች «ሳምንት ሙሉ ሳልውጠው ምንም አልሆንኩም» የሚል ወሬ ደሴም ኮምቦልቻም ይሰማል። ውሸት አይደለም፤ የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

ከነዚህ ክኒኖች አንዱ የሆነው ፊኖባርቢታል ከሰውነት የሚወጣው ቀስ እያለ ነው። በአዋቂ ደም ውስጥ ግማሹ እስኪቀንስ 3 ወይም 4 ቀን ገደማ ይፈጃል። ያቋረጠ ሰው ለጥቂት ቀን የሚጠብቀው ቀድሞ የዋጠው ነው። በኋላ ሲጥለው ማን ከሳምንት በፊት ከተዘለለው ክኒን ጋር ያገናኘዋል? «መድኃኒቱ አልያዘለትም» ይባላል፤ ካልሆነም ቡዳ ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው። በድንገት ማቆም ደግሞ አንዱ ሳያባራ ሌላው የሚከተል፣ ሕይወት የሚቀጥፍ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።

ሲጀመርም ያው ነው። በደም ውስጥ መጠኑ የሚረጋው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ነው። አዋቂ በቀን 60 ሚሊግራም ጀምሮ በአምስተኛው ቀን ቢወድቅ «አይሠራም» ማለት ችኮላ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፤ ማታ አንዴ መዋጡ ለዚህም ይበጃል። ረመዳን ሲገባ ከአፍጥር በኋላ ይወሰዳል። ሌላው የሚጥል በሽታ ክኒን ካርባማዜፒን ግን ብዙውን ጊዜ በቀን ሁለቴ ስለሆነ፣ ጾም ሳይገባ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር መነጋገር ይሻላል። ጠበልም ከክኒን ጋር አይጣላም፤ የሚጣላው «ጠበል ጀምረሃልና ክኒኑን ተው» የሚለው ምክር ነው። ጫት ይዞ ማደር ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ሊጥል ይችላል።

ለሴቶች በቅጡ የማይነገረው፦ ፊኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የወሊድ መከላከያ ክኒንንም ክንድ ውስጥ የሚቀበረውንም ያዳክማሉ። ሌላው የዚሁ በሽታ መድኃኒት ቫልፕሮዌት ፅንስ ስለሚጎዳ ልትወልድ ለምትችል ሴት የመጀመሪያ ምርጫ አይሆንም። አርግዛ ብትገኝም ራሷ አታቋርጠው፤ በቶሎ ሐኪሟን ታግኝ።

ሲጥለው ክብሪት ለኩሶ ማሽተት፣ በጥርሱ መሃል ማንኪያ መሰንቀር ይቅር። ከምድጃው አርቁት፣ ራሱ ሥር ነጠላ አድርጉ፣ ሲረጋጋ በጎኑ አስተኙት። ሰዓት ያዙ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሐኪም ቤት ነው።

መድኃኒት ማቆም የሚታሰበው ቢያንስ 2 ዓመት ሳይጥል ሲቆይ ነው፤ ያኔም በሐኪም ምክር፣ በወራት ውስጥ እየተቀነሰ። እስከዚያው ከገጠር ለሚመላለስ ሰው፣ ክኒኑ ለ10 ቀን የሚበቃ ሲቀረው ነው መንገድ መውጣት። ለአንድ ቀን ሲቀረው ከሆነ፣ የገበያ ቀን ወይም የመኪና እጦት ያቋርጠዋል።