ሮድ አይላንድን ለአገሬ ሰው ስጽፍ

ፕሮቪደንስና አካባቢዋ ለሚኖሩ ሐበሻ ወላጆች ስለ አሜሪካዋ ሮድ አይላንድ ግዛት በአማርኛ አጠር ያለ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ተጠይቄ ነበር። ልጆቹ ስለ ሮጀር ዊሊያምስ፣ ስለ ነባሩ የናራጋንሴት ሕዝብ የቤት ሥራ ይዘው ይመጣሉ። እናትና አባት ደግሞ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲሮጡ የሚኖሩበትን ግዛት ለማወቅ ፋታ አላገኙም። እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ፤ ነገ ስለ ደላዌር ወይም ስለ ቨርሞንት ሊጽፍ የሚነሣ ካለ ይጠቅመው ይሆናል። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ግዛቷ የተጻፈ ነገር ስትከፍቱ ቀድሞ የሚመጣው “ትንሿ” እና “የመጀመሪያዋ” የሚል ነው። ትንሽነቷ እውነት ነው፤ የብሷ ወደ 2,700 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነ ጣና ሐይቅ ይበልጣታል። እኔ ግን ትንሽነቷን ለሌላ ነገር ተጠቀምኩበት፤ ጽሑፉን በዘመን ሳይሆን በቦታ አዋቀርኩት። ከጫፍ ጫፍ በመኪና ብዙም ስለማያስኬድ፣ ወላጅ ቅዳሜ ልጁን ይዞ ሄዶ ሊያየው የሚችለውን ነገር ብቻ መረጥኩ። ዓመተ ምሕረት መሸምደድ የተማሪ ዕዳ ነው፤ ትልቅ ሰው ላይ መጫን ምን ይሉታል?

መነሻዬ ፕሮቪደንስ ነበረች። ሮጀር ዊሊያምስ ሰባኪ ነበር። መንግሥት በሰው ኅሊና ላይ ሥልጣን የለውም፣ የእንግሊዝ ንጉሥም የአገሬውን ሰው መሬት እያነሣ የመስጠት መብት የለውም ብሎ ስላስተማረ በ1635 ጎረቤቷ ማሳቹሴትስ ከአገር ይውጣ ብላ ፈረደችበት። በ1636 ከናራጋንሴት አለቆች ከካኖኒከስና ከሚያንቶኖሚ መሬት አግኝቶ ከተማይቱን ቆረቆረ። “አገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው” ሲባል እየሰማ ላደገ አንባቢ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቀለም አልፈጀብኝም። በ1663 ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ የሰጠው ቻርተር (የመብት ደብዳቤ) የሃይማኖት ነፃነትን በሕግ አጸናላቸው፤ ሌላ ቦታ የሚሳደዱ ኩዌከር የሚባሉ የክርስትና ወገኖችም አይሁድም መጠጊያ አገኙ። ኒውፖርት ያለው ቱሮ ምኩራብ በ1763 የተመረቀ ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ ዛሬም ከቆሙት የምኩራብ ሕንፃዎች ሁሉ የቆየው ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1790 ለዚያ ጉባኤ በጻፈው ደብዳቤ፣ ይህ መንግሥት ለጥላቻ ፈቃድ፣ ለስደትም ድጋፍ አይሰጥም ብሏል።

እዚህ ላይ ቢቆም ደስ የሚል ታሪክ ነበር። ነገር ግን ለራሴ አንድ ደንብ አውጥቼ ነበር፤ ስለ እያንዳንዱ ውብ ሕንፃ “ገንዘቡ ከየት መጣ?” ብዬ እጠይቃለሁ። ከሥራው ሁሉ ያተረፈልኝ ይህ ጥያቄ ነው። መልሱ ደጋግሞ ወደ ወደብ ይወስዳል። ከካሪቢያን ሞላሰስ ይመጣል፣ እዚህ ተጣርቶ ረም የሚባል መጠጥ ይሆናል፣ መጠጡ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ተጭኖ በሰው ይለወጣል፣ ሰዎቹ ካሪቢያን ይሸጡና ሌላ ሞላሰስ ይገዛል። ከአሜሪካ ወደቦች ለባሪያ ንግድ ከተነሡት ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሮድ አይላንድ ናቸው። የኅሊና ነፃነት አገር፣ ልብ በሉ። ግዛቷ ነዋሪዎቿ በዚህ ንግድ እንዳይሳተፉ በ1787 ከከለከለች በኋላ እንኳ የግዛቷ የብሪስቶል ከተማው ዲዎልፍ ቤተሰብ ቀጥሎበታል፤ ከእነሱ አንዱ ጄምስ ዲዎልፍ ኋላ የአሜሪካ ሴናተር ሆኗል።

ትምህርት የሚለውን ክፍል ለብቻው ልጽፍ አስቤ ነበር፣ አልተላቀቀልኝም። ብራውን ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ1764 ነው። በዚያው ዓመት፣ ዩኒቨርሲቲው ኋላ ስሙን ያገኘበት የነጋዴ ቤተሰብ ልጆች የሆኑት የብራውን ወንድማማቾች ሳሊ የምትባል መርከብ ወደ አፍሪካ ላኩ፤ ካፒቴኑ ከገዛቸው 196 ሰዎች ከመቶ በላይ የሚሆኑት ሞቱ። ከወንድማማቾቹ ጆን በንግዱ ገፋበት። ሞዘስ ግን በ1773 ባሮቹን ነፃ አውጥቶ ኩዌከር ሆነ፣ ንግዱንም ተዋጋ። ይኸው ሞዘስ ነው ለሳሙኤል ስሌተር ገንዘብ ሰጥቶ ፓታኬት ላይ የአሜሪካን የጥጥ ፈትል ፋብሪካ ያስጀመረው። ጥጡን የሚያመርቱት እነማን ነበሩ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ባሮች ናቸው። የሞዘስን ክፍል ደጋግሜ ጽፌ ደጋግሜ ሰረዝኩት፤ በመጨረሻ ቅዱስም ከሃዲም ሳላደርገው ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን አስቀመጥኩ።

ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ2003፣ ሩት ሲመንስ ፕሬዚዳንት ሳሉ፣ ይህን ታሪክ የሚመረምር ኮሚቴ አቋቁሞ በ2006 ሪፖርቱን አውጥቷል። ግቢው ውስጥ በ2014 የቆመውን፣ ቀራፂው ማርቲን ፐሪየር የሠራውን የባርነት መታሰቢያ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና አሳዩአቸው። ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ የሚመስል ትልቅ የብረት ኳስ ነው። ከላዩ ወፍራም ሰንሰለት ይወጣና ይበጠሳል፤ የተበጠሰበት ጫፍ እንደ መስተዋት ስለተወለወለ ሰማዩ ይታይበታል።

ሮድ አይላንድ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ታሪኩ ቀለል ይላል። ሴቶች ለ1876ቱ የፊላደልፊያ ኤግዚቢሽን ካዋጡት የተረፈ 1,675 ዶላር ነበር፤ በዓመቱ በሄለን ሜትካፍ ግፊት ትምህርት ቤት አቋቋሙበት። ለእኛ ወላጆች ግን ከሁሉም የሚበልጠው ሌላ ነው፤ ከ2017 ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ መስፈርቱን አሟልቶ በቀጥታ የሚገባ ተማሪ በሮድ አይላንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ያለ ክፍያ ሊማር ይችላል። ይህን ከታች ጽፌው ነበር፣ ረቂቁን ያነበቡ እናቶች ወደ መጀመሪያው ገጽ አስወጡኝ። ልክ ናቸው።

ባህሉን ከመጻሕፍት አላገኘሁትም፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ነው። የግዛቷ ይፋዊ መጠጥ ከ1993 ጀምሮ ቀዝቃዛ ወተት ውስጥ ጣፋጭ የቡና ሽሮፕ የሚጨመርበት ነው፤ ለቡና አገር ሰው ትንሽ ግፍ ነው፣ ልጆች ግን ይወዱታል። ኳሆግ የሚሉት ባለ ቅርፊት የባሕር ምግብ ለብዙ ምእመኖቻችን ስለማይሆን ሾርባውን አለፍኩት። ሰዉ አቅጣጫ ሲጠቁም ከዓመታት በፊት በፈረሰ ሱቅ ነው፤ “እንትን የነበረበት ጋ ወደ ግራ ታጠፍ” ይላችኋል። አዲስ አበባ ያደገ ይህን መማር አያስፈልገውም። ኬፕ ቨርዳውያን፣ ፖርቱጋሎች፣ ጣሊያኖች፣ ላይቤሪያውያን እየመጡ የሠሩት ሰፈር ሁሉ የየራሱ ዳቦ ቤትና ቤተ ክርስቲያን አለው፤ ከሽማግሌዎቻቸው ጋር ገና አልተቀመጥኩም፣ ቀጣዩ ሥራ እሱ ነው።