ሠላሳ ቅዳሜ

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ በሻንጣው ጥግ 30 ቀጫጭን ኮሚኮች ይዞልኝ መጣ። «ፔፐር ገርልስ» ይባላል። ጸሐፊው ብራያን ኬ. ቮን፣ ሠዓሊው ክሊፍ ቺያንግ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2019 በየቁጥሩ እየተቆራረሰ የወጣ የሳይንስ ልቦለድ ነው። ኖቬምበር 1 ቀን 1988 ማለዳ፣ ኦሃዮ ውስጥ ጋዜጣ ለየቤቱ የሚያደርሱ አራት የ12 ዓመት ልጃገረዶች ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥማቸዋል። ማንም አያስረዳቸውም። አንባቢውንም እንደዚያው።

የመጀመሪያው ሌሊት የመጀመሪያዎቹን አምስት ቁጥሮች ቁጭ ብድግ ሳልል ጨረስኩ። ጠዋት ከአራቱ ልጃገረዶች ማክንና ኬጄን መለየት አቃተኝ። ማን ማንን እንደሚያሳድድም ጠፋኝ። ስልኬን አውጥቼ መልሱን ልፈልግ ስል እናቴ አየችኝ።

«የምን ጥድፊያ ነው አንተ ልጅ? እኛ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርክ ሳምንቱን ሙሉ ጠብቀን ነበር የምንሰማው። እስከዚያ ከጎረቤት ጋር ምን ይሆን፣ ምን ይሆን እያልን እንከራከራለን።»

ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። እንቆቅልሽ ስንጫወት እኮ ሳያስብ ቶሎ አገር የሚሰጥ ልጅ ጨዋታውን ያበላሽብን ነበር።

ከቁጥር 1 እንደገና ጀመርኩ፤ በሳምንት አንድ፣ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ። ከአራት ኪሎ ተነስቼ የራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሬ ፒያሳ እወጣለሁ። ማኪያቶዬን አዝዤ አዲሱን ከመግለጤ በፊት ያለፈውን ሳምንት ጥያቄ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ደብተሩን የጀመርኩት ስም ላለመርሳት ነበር፤ ኋላ ግን ዋናው ንባብ እሱ ሆነ።

ቁጥር 1 የሚያልቀው ልጆቹ አንድ ትንሽ ዕቃ ሲያገኙ ነው። ዕቃው ላይ የአፕል ምልክት አለ። ዓመቱ ግን 1988 ነው፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ገና አልተሠራም። የመጀመሪያው ሌሊት ይህን አይቼ ወዲያው ቁጥር 2ን አነሳሁ። በሁለተኛው ንባብ ግን ሳምንቱን ሙሉ አብሮኝ ዋለ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳይቀር አስበዋለሁ። ደራሲው የሰጠኝ ያንን ሳምንት ነው፤ እኔ ነበርኩ የጣልኩት።

ምንም የማይፈጠርባቸው የሚመስሉ ቁጥሮችም አሉ። እነሱን ሁለቴ ነው የማነበው፤ መጀመሪያ ቃሉን፣ ቀጥሎ ሥዕሉን ብቻ። የኮሚኩ ቀለም ቀቢ ማት ዊልሰን የቀባው ያ ሐምራዊና ሮዝ ሰማይ በችኮላ አይታይም።

ትልቁ ደስታዬ የመጣው እንዲህ ቀስ ብዬ ሳይ ነው። በታሪኩ ውስጥ ከሌላ ዘመን የመጡ ልጆች አሉ፤ እነሱ ሲናገሩ በፊደል ፈንታ እንግዳ ምልክት ይጻፋል። በመጀመሪያው ንባብ ዘልዬው ነበር። በሁለተኛው አንዳንዶቹ ምልክቶች ደጋግመው መምጣታቸውን አየሁ። ቆጠርኳቸው። በእንግሊዝኛ ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ፊደል «ኢ» (E) ስለሆነ በብዛት የመጣውን ምልክት በእሱ ቦታ አስቀመጥኩ። ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። በመጨረሻ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ከደብተሬ ላይ ተነበበ! እያንዳንዱ ምልክት በአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ፈንታ የቆመ ነበር። በእኛ ፊደል ቢሆን ይከብድ ነበር፤ 33ቱ እያንዳንዳቸው ሰባት መልክ አላቸው።

ከጓደኛዬ ጋር አብሮ ማንበብም ሞክሬ ነበር። እሱ ቀድሞኝ ሄደና ተውነው።

ኮሚኩ ሲወጣ በየአምስት ቁጥሩ ወራት ያርፍ ነበር። እኔም አምስት በጨረስኩ ቁጥር ሁለት ቅዳሜ አረፍኩ፤ ያለፉትን አምስቱን ደግሜ አነበብኩባቸው። ዝም ብሎ ከመጠበቅ ይህ በጣም ይሻላል።

እናቴ ቅዳሜ ቤት ስገባ «ዛሬስ ልጆቹ ቤታቸው ገቡ?» ትለኛለች። ቁጥር 30ን የጨረስኩ ቀን አልመለስኩላትም። ቡና እየተፈላ ነበር። ቁጥር 1ን አምጥቼ እየተረጎምኩ አነብላት ጀመር። ጥቂት ገጽ እንደሄድን ሁለተኛው ቡና ደረሰ። እጇን ኮሚኩ ላይ አደረገችና «በቃ፣ የቀረው ለሳምንት ይሁን» አለችኝ።