በእንጅባራ ቀርቀሃ የተሠራ ፖቴዝ 25

ኢትዮጵያ ምድር ላይ መጀመሪያ ያረፈው አውሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ፈረንሳይ ሠራሽ ባለ ድርብ ክንፍ ፖቴዝ 25 ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለታሪክ ትምህርት እንዲሆን ሞዴሉን በ1 ለ20 ልኬት ሠራሁ። በዚያው ወር የመጣው የጀርመን ዩንከርስ ባለ አንድ ክንፍ ስለሆነ ይቀልላል ቢባልም፣ ገላው እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የተሸነሸነ ነው። ያንን በወረቀት ማስመሰል አጉል ድካም ነው።

እውነተኛው ፖቴዝ ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 14.14 ሜትር፣ ርዝመቱ ደግሞ ከአፍንጫ እስከ ጭራ 9.10 ሜትር ገደማ ነው። ለ20 ሲካፈል 70.7 እና 45.5 ሳ.ሜ. ይሆናል።

ለአጽሙ የእንጅባራ ቀርቀሃ ያዝኩ። ስህተቱ እርጥቡን መሰንጠቄ ነው፤ ሲደርቅ ክንፉ ተጣመመ። ለሁለተኛው ቀርቀሃውን አራት ቀን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ ሁለት ሳምንት ጥላ ላይ አደረቅሁት። መዘፍዘፉ ነቀዝ የሚወደውን ስታርች ያወጣል፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ግን ይሰነጠቃል። ከዚያ 3 ሚ.ሜ. ስፋት አድርጎ መሰንጠቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። ለጎባጣው ቦታ በሻማ እሳት ላይ እያንቀሳቀሱ ቀስ ብሎ ማጉበጥ ነው። አንድ ቦታ ላይ ከቆየ ይከስላል።

ለላይኛው ክንፍ 15 የካርቶን አጥንት በየ5 ሳ.ሜ. አቆምኩ። አንድ እጅ ኮላ በሁለት እጅ ውኃ በጥብጬ ስስ ወረቀት አለበስኩት። መጀመሪያ ላዩን ብቻ ለብጬ አሳደርኩት፤ ጠዋት ክንፉ እንደ ቀስት ወደ ላይ ጎብጦ ነበር። ወረቀት ሲደርቅ ይሰበሰባልና ላዩና ታቹ በአንድ ጊዜ ለብሶ፣ ኮምፔርሳቶ ላይ በመርፌ ተወጥሮ ማደር አለበት።

ብዙ ሰው የሚስተው ሁለት ነገር አለ። የታችኛው ክንፍ ከላይኛው ያንሳል፤ እኩል ከሆኑ ሌላ አውሮፕላን ነው። አፍንጫውም ክብ አይደለም። የሎሬን ሞተሩ 450 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ 12 ሲሊንደሩ አራት አራት ሆኖ በሦስት ረድፍ የተደረደረ ነው፤ ስለዚህ ሦስቱ ጉብታ መታየት አለበት። ክንፎቹን የሚወጥሩትን ሽቦዎች በሰም በታሸ የጥጥ ክር ተካሁ። ሰሙ የክሩን ጭራሮ ይይዛል፣ የክረምቱንም እርጥበት ይከላከላል።

ከሞዴሉ ጎን የሰቀልኩት ጽሑፍ ስለ ከፍታ ነው። አዲስ አበባም ደብረ ማርቆስም ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆኑ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። ሞተሩ በዚያው ልክ ይደክማል፤ ክንፉም ለመሸከም ተጨማሪ ፍጥነት ስለሚፈልግ ማረፊያው ይረዝማል። ያለ አየር ማረፊያ ከዚህ ከፍታ ላይ መውረድ ቀልድ አልነበረም።

ኋለኛውን መቀመጫ ክፍት መተው ያስፈልጋል። ጣሊያናዊው አብራሪ ጋቮቲ በ1911 እ.ኤ.አ. ሊቢያ ላይ ከአውሮፕላን በእጁ ቦምብ ከጣለ 19 ዓመት ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. (1930 እ.ኤ.አ.) በአንችም ጦርነት በንጉሥ ተፈሪ ላይ በተነሡት በራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ላይ መጀመሪያ የአዋጅ ወረቀት፣ ቀጥሎ ቦምብ ከአየር ወረደ። ተማሪ ሁሉ ጣቱን የሚያስገባው እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ስለሆነ ዙሪያው በድርብ ካርቶን ይጠንክር።

ሲሰቀል በአንድ ክር አይሆንም፣ አፍንጫው ይደፋል። ሁለት ክር ከላይኛው ክንፍ፣ አንድ ከጭራው።