መብረሩ ሳይሆን ሩጫው ነው ያስቸገረኝ

ከፍታ እፈራለሁ። ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በረንዳው ጫፍ ድረስ ሄጄ አላውቅም። ሃንግ ግላይዲንግ፣ ማለትም ሞተር በሌለው ክንፍ ሥር ተንጠልጥሎ መብረር፣ ልማር ነው ስል ጓደኞቼ የሳቁብኝ ለዚህ ነው። እኔም ገደል አፋፍ ላይ አቁመው የሚገፈትሩኝ መስሎኝ ነበር።

ለካ ጀማሪ ገደል አጠገብ አይደርስም። እኔ የጀመርኩት ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ፣ ጆኪስ ሪጅ በሚባል የአሸዋ ኮረብታ ላይ ነው። ሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ትራፊክ ካለ ደግሞ እግዜር ይሁናችሁ። ቦታው አሸዋ በአሸዋ ነው፣ ነፋሱም ከባሕር ይመጣል። ራይት ወንድማማቾች ከኦሃዮ ድረስ ወደዚህ አካባቢ የመጡት ይህንኑ ነፋስና አሸዋ ፈልገው ነው። በፈረንጆቹ 1903 በሞተር ከመብረራቸው በፊት፣ ከ1900 እስከ 1902 እየተመላለሱ ሞተር በሌለው ክንፍ ሲወድቁ ሲነሱ ነበር።

የምንማርበት ክንፍ የአሉሚኒየም ዘንግ ላይ የተወጠረ ጨርቅ ነው። መነሻው ፍራንሲስ ሮጋሎ የሚባል መሐንዲስ ከሚስቱ ከገርትሩድ ጋር በፈረንጆቹ 1948 የሠራው ክንፍ ነው። ያኔ የሰፉት ከወጥ ቤት መጋረጃ ነበር። ይህን ስሰማ ፍርሃቴ ቀነሰ አልልም።

በረራው ከመጀመሩ በፊት ሃንግ ቼክ የሚሉት ነገር አለ። ታጥቃችሁ፣ ማያያዣውን ቆልፋችሁ፣ አንድ ሰው የክንፉን አፍንጫ ይዞ እናንተ በሆዳችሁ ትንጠለጠላላችሁ። ሞኝነት ይመስላል። ግን ክንፉን ይዘው፣ ራሳቸውን ከክንፉ ጋር ሳያያይዙ ከተራራ የዘለሉ፣ ያውም ልምድ ያላቸው ሰዎች ሞተዋል። ከትምህርቱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህን እይዛለሁ።

ፊት ለፊታችሁ ያለው ዘንግ መሪ ነው፤ ግን እንደ መኪና መሪ አይዞርም። የምታንቀሳቅሱት ራሳችሁን ነው። ዘንጉን ወደ ራሳችሁ ስትስቡት ክንፉ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ይፈጥናል። ስትገፉት ቀና ብሎ ይዘገያል። አብዝታችሁ ከገፋችሁት መሸከሙን ያቆምና ይጥላችኋል። ወደ ቀኝ መዞር ካማራችሁ ክብደታችሁን ወደ ቀኝ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ሦስት እርምጃ ነበር። ክንፉ ትከሻዬን ለቆ ቀለል ሲለኝ በቃ በረርኩ ብዬ ሩጫዬን አቆምኩ። አፍንጫው ወደ ታች፣ እኔም በግንባሬ አሸዋው ላይ። አሸዋው ጥርሴ መሃል ሲንኳኳ ይሰማኛል። አስተማሪው ልጅ እግር ነው። አነሳኝና “አቁሚ ያለሽ አለ? እግርሽ መሬት እስኪያጣ ሩጪ” አለኝ።

ሁለተኛው ላይ ሮጥኩ፤ ግን ዘንጉን አንቄ ያዝኩት። አንቆ የያዘ ሰው ክንፉ የሚነግረውን አይሰማም። በሁለት ጣት እንደ ሲኒ ነው የሚያዘው። ሦስተኛው ላይ ከታች የተቀመጠ ቦርሳ አየሁ። እንዳልመታው ብዬ ዓይኔን ተከልኩበት፤ ቀጥ ብዬ ሄጄ መታሁት። ክንፉ የሚሄደው ዓይን ወዳለበት ነው።

አራተኛው ላይ እግሬ አየር ረገጠ። ቢበዛ አምስት ሴኮንድ፣ ከመሬት ከሰው ቁመት አይበልጥም። ጆሮዬ ላይ ነፋስ ብቻ። ፍርሃት የሚባል ትዝ አላለኝም፤ ስወርድ ዘንጉን ገፍቼ በእግሬ መቆሜም ገረመኝ።

ማታ አዲስ አበባ እማዬ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ሰማችኝና “ታዲያ ገንዘብ ከፍለሽ ነው የወደቅሽው?” አለች። መልስ አልነበረኝም።

ያገለገለ ክንፍ በርካሽ ገዝቼ፣ ቪዲዮ እያየሁ ራሴን አስተምራለሁ የሚል ካለ ይቅርበት። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ሰው የተጎዳው እንደዚያ ሲሞክር ነው። አሜሪካ ውስጥ የበራሪ ደረጃ አምስት ነው፤ እኔ አንደኛውንም አልጨረስኩም። ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ውሃ ያዙ። ከመብረሩ ይልቅ ክንፉን ይዞ ሽቅብ መመለሱ ነው ወገብ የሚቆርጠው።

መስከረም ላይ እመለሳለሁ። እስከዚያው ጠዋት ጠዋት ሰፈራችን ያለችው ዳገት ላይ እሮጣለሁ።